«አንድ ወንዝ ሁለት ጊዜ አይገባም» ያለው ማን ነው? የሄራክሊተስን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ለመመለስ እርዱኝ

ነቁጥ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ።

ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። «አንድ ሰው አንድ ወንዝ ውስጥ ሁለት ጊዜ አይገባም» የምትል ጥቅስ በየማኅበራዊ ሚዲያው ትዞራለች። ሁላችሁም አይታችኋታል። ከሥሯ «ሄራክሊተስ» ተብሎ ይጻፋል። ሰው ከፍቅረኛው ሲለያይ ይለጥፋታል፤ ሥራ ሲቀይርም ይለጥፋታል። ሁሉም የሚረዳት «ሁሉም ያልፋል፣ የሚቆይ ነገር የለም» በሚል ነው።

እኔ ደግሞ የጥንት ግሪኮችን አጫጭር ጽሑፎች ለራሴና ለጥቂት ጓደኞቼ ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ተነስቻለሁ። ሄራክሊተስ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ብዙዎቹ አጥኚዎች የራሱ ቃል ነው ብለው የሚቀበሉት ዓረፍተ ነገር ሌላ ነገር ነው የሚለው። ግሪክኛው በእኛ ፊደል ይህን ይመስላል፦

«ፖታሞይሲ ቶይሲን አውቶይሲን ኤምባይኑሲን ሄቴራ ካይ ሄቴራ ሁዳታ ኤፒሬይ።»

ቃል በቃል ሲቀመጥ፦ ወንዞች፣ እነዚያው፣ ለሚገቡ፣ ሌላና ሌላ ውኃ፣ ይፈሳል።

ልብ በሉ፣ «እነዚያው ወንዞች» ነው የሚለው። ወንዙ ያው ነው። ሌላ የሚሆነው ውኃው ነው። «ሁለት ጊዜ አይገባም» የሚለውን የምናገኘው ፕላቶ ጋ ነው፤ «ክራቲለስ» በሚባለው ምልልሱ ውስጥ ሄራክሊተስ ሁሉ ይሄዳል፣ ምንም አይቆምም ይላል ብሎ በዚያ መልክ አስቀመጠው። ፕላቶ የተወለደው ሄራክሊተስ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ለእኔ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ውኃው መፍሰሱን ቢተው ወንዙ ወንዝ መሆኑ ይቀራል። ኩሬ ይሆናል። ወንዙን ወንዝ አድርጎ ያቆየው እኮ መፍሰሱ ነው! ጥቅሷ «የሚቆይ የለም» ትላለች። ሰውየው ግን «የሚቆየው እየተለወጠ ነው» የሚል ይመስለኛል።

እስካሁን የሞከርኩት፦ «በእነዚያው ወንዞች ውስጥ ለሚገቡ ሰዎች የተለያዩ ውኃዎች ይፈሳሉ።» አልጣመኝም። «የተለያዩ» ሲባል ሁሉም ባንዴ የተደረደሩ ይመስላል። አንዱ ሄዶ ሌላው ሲተካ አይታየኝም። እስቲ እርዱኝ።

ማለዳ

ደስ የሚል ክር ነው። እኔ ግን መሠረቱን ስለማላውቅ ልጠይቅ። ሄራክሊተስ መቼ የነበረ ሰው ነው? መጽሐፍ ከጻፈ ደግሞ ለምን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ እንጨነቃለን? መጽሐፉን ገልጠን አናይም?

ነቁጥ

ማለዳ፣ ልክ ነሽ፤ ከዚያ መጀመር ነበረብኝ። የኤፌሶን ሰው ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃት፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው ኤፌሶን። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ነው። አንድ መጽሐፍ ጽፎ በአርጤምስ ቤተ መቅደስ እንዳስቀመጠው በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። መጽሐፉ ጠፍቷል። የቀረን ሌሎች በየመጽሐፋቸው የጠቀሱት ቁርጥራጭ ነው፤ ከመቶ በላይ ይሆናል፣ አብዛኛው አንድ ወይ ሁለት መስመር ነው።

የዚች ዓረፍተ ነገር ጉዞ ራሱ ይገርመኛል። አርዮስ ዲዲሞስ የሚባል ሰው ጠቀሳት። ከእሱ ላይ የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገለበጣት። የአባ ገሪማን ወንጌል ሥዕሎች ያየ ሰው በዓምድና በቅስት ያጌጡትን ሠንጠረዦች ያስታውሳል። የአራቱን ወንጌላት ተመሳሳይ ክፍሎች የሚያመሳክሩ የአውሳብዮስ ሠንጠረዦች ናቸው። ያው ሰው ነው። የእሱ እጅ ባይኖር ይህችን መስመር ዛሬ አናነባትም ነበር።

ስለ ወንዝ ካነሳን፣ ሄራክሊተስ የወንዝ ስም አልጠራም። ኤፌሶን አጠገብ ግን ካይስትሮስ የሚባል ወንዝ አለ። ለዘመናት ደለል እያመጣ ወደቧን ሞላው። የባሕር ከተማ የነበረችው ኤፌሶን ፍርስራሿ ዛሬ ከባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይገኛል።

ተጠየቅ

ነቁጥ፣ ሄራክሊተስን ከጥቅሷ ነፃ ማውጣትህ ጥሩ ነው። ግን ሌላኛውን ወገን ሳንሰማ ፍርድ አንስጥ። ፓርመኒደስ አለ።

ኤልያ በደቡብ ኢጣሊያ የነበረች የግሪኮች ከተማ ናት። ፓርመኒደስ እዚያ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት 515 ገደማ ነው። የጻፈው በግጥም ነው። አንድ ወጣት በሰረገላ ይጓዛል፤ የፀሐይ ሴት ልጆች መንገድ ይመሩታል። የሌሊትና የቀን መንገዶች የሚለያዩበትን ደጅ አልፎ ይገባል። አንዲት አምላክት ቀኝ እጁን ይዛ ትቀበለውና እውነትን ትነግረዋለች፦ ያለ አለ፤ የሌለ የለም።

ቀላል ይመስላል አይደል? ከዚያ ተነስታ የት እንደምትደርስ ተመልከቱ። አንድ ነገር ተወለደ ስትሉ ከምን ተወለደ? ካለ ነገር ከሆነ ቀድሞውንም ነበረ። ከሌለ ነገር ከሆነ፣ ከሌለ ነገር ምን ይመጣል? ከምንም ከጀመረስ ቀደም ብሎ ሳይሆን አሁን እንዲጀምር ምን አስገደደው? ስለዚህ መወለድ የለም። በዚያው መንገድ መጥፋትም የለም። መለወጥ ማለት የነበረ ሲሄድ፣ ያልነበረ ሲመጣ ነው፤ እሱም ቀረ። የተረፈው አንድ፣ ሙሉ፣ የማይነቃነቅ፣ እንደ ድቡልቡል ኳስ ከየትኛውም አቅጣጫ እኩል የሆነ «ያለ» ብቻ ነው።

«ሲለወጥ በዓይኔ አያለሁ» ትሉ ይሆናል። አምላክቲቱም ታውቃለች። በዓይንና በጆሮ አትፍረድ፣ በማሰብ ፍረድ ትለዋለች። እኔን የሚገርመኝ ይህ ድፍረት ነው። ከእሱ በኋላ የመጣ ፈላስፋ ለእሱ መልስ ሳያዘጋጅ ማለፍ አልቻለም።

ግጥሙ እንኳ ለጥቂት ነው የተረፈልን። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሲምፕሊክዮስ የሚባል ፈላስፋ በአርስቶትል ላይ ሐተታ ሲጽፍ፣ መጽሐፉ እየጠፋ ስለሆነ ብሎ ረጅሙን ክፍል ገለበጠው።

ወለላ

ተጠየቅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። «ያለ አለ፤ የሌለ የለም» ብለህ መለስከው። ለምን «የሆነ ነው፤ ያልሆነ አይደለም» አላልክም?

ለቃል ጨዋታ ብዬ አይደለም። ግሪክኛው «ኤስቲ» ነው። ይህ አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዴ «አለ» ይሆናል፣ አንዴ «ነው» ይሆናል። እኛ ሁለቱን አናደባልቅም። አፉን የፈታ ሕፃን እንኳ «አባዬ አለ» እና «አባዬ ነው» ማለትን አይቀያይርም። ስናፈርስም ለየብቻ ነው፦ «የለም» እና «አይደለም»። ግእዙም «ሀሎ» እና «ውእቱ» ብሎ ይለያል።

አሁን ክርክሩን በአማርኛ አስኪደው። «ልጁ ገና አዋቂ አይደለም» እልሃለሁ። ልጁ የለም አልኩህ? አላልኩም። ልጁማ አለ፣ ጓዳ ውስጥ እያለቀሰ ነው። ግሪኩ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚያፈርስ «አይደለም» ያለው ሁሉ «የለም» ያለ ይመስላል። ገመዱ የተቋጠረው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ፕላቶም «ሶፊስት» በሚባለው ምልልስ የፈታው ይህንን ቋጠሮ ነው። የሚናገረው እንግዳ የመጣው ከኤልያ ነው። ከመጀመሩ በፊት «አባቴን እንደገደልኩ አትቁጠርብኝ» ብሎ ይለምናል። አባት ያለው ፓርመኒደስን ነው። ከዚያ «ያልሆነ» ስንል «የሌለ» ማለታችን አይደለም፣ «ሌላ» ማለታችን ነው ይላል። ትልቅ ያልሆነ ነገር ከትልቅ ሌላ ነው እንጂ ባዶ አይደለም።

ተጠየቅ

ወለላ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግን በቀላሉ አልለቅሽም።

አንደኛ፣ አማርኛ የሚለየው አሁን ላይ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስትሄጂ «ነበረ» ሁለቱንም ይሸከማል። «ትናንት እዚህ ነበረ»፣ «ድሮ መምህር ነበረ»። ያው ቃል ነው።

ሁለተኛ፣ ሌላ ቦታ ላይ የእኛ ቋንቋ ነው የሚያደባልቀው። «መሆን» በይ። «ነው» የሚለው ቃል ራሱን ችሎ ስም ሲወጣለት «መሆን» ነው። «ተቀየረ፣ ደረሰበት» የሚለውም «መሆን» ነው። «መምህር መሆን ደስ ይላል» እና «መምህር መሆን ዓመታት ይፈጃል»። ግሪኮች ለመጀመሪያው አንድ ቃል፣ ለሁለተኛው ሌላ ቃል አላቸው። ፕላቶ «ጢማዮስ» ላይ ሁልጊዜ ያለውንና የማይሆነውን፣ ሁልጊዜ የሚሆነውንና ከቶ የማይኖረውን ሲለይ ያ ሁሉ በሁለቱ ቃላት ላይ ቆሟል። እሱን ወደ አማርኛ ስመልስ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ሦስተኛውና ዋናው። ልጁ አዋቂ አይደለም፣ እሺ። ልጁ ከመፀነሱ በፊትስ? ያኔ «አይደለም» አትይም። «የለም» ነው የምትይው። የፓርመኒደስ ጥያቄ እዚያ ላይ እንደቆመ ነው።

ወለላ

ሦስተኛውን ተቀብያለሁ፤ ላስብበት። ስለ መጀመሪያው ግን አንድ ነገር ልብ በል። አምላክቲቱ ራሷ ስለ «ያለው» ስትናገር «አልነበረም፣ አይኖርምም፣ አሁን ሁሉም በአንድነት አለ» ትላለች። ትናንትንም ነገንም ከለከለች። የፈቀደችልን አሁንን ብቻ ነው። አማርኛ የሚለየውም አሁን ላይ ነው!

ማለዳ

ይህን ሁሉ በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። አንድ የዋህ ጥያቄ አለኝ። መንቀሳቀስ የለም የሚል ሰው ፊት ብድግ ብሎ መራመድ አይበቃም?

ፍጥነት

ማለዳ፣ ያልሽውን ግሪካዊው ፈላስፋ ዲዮጋንስ አድርጎታል ይባላል። እንቅስቃሴ የለም ሲባል ሰማና ምንም ሳይናገር ተነስቶ ሄደ። ግን ለዜኖ መልስ አይሆነውም። ሰው ሲራመድ እንደሚታይ ዜኖም ያውቃል። የሚጠይቀው «የምታዩት ነገር እንዴት ሊቻል ይችላል?» ነው።

ዜኖ የፓርመኒደስ ተማሪ፣ የኤልያ ሰው ነው። ፕላቶ ሁለቱን በምልልሱ ውስጥ ለታላቁ የፓናቴናይያ በዓል አቴንስ ያመጣቸዋል፤ ፓርመኒደስ 65 ዓመት ገደማ፣ ዜኖ ወደ 40፣ ሶቅራጥስ ገና ወጣት ሆኖ።

ፊዚክስ ስለማስተምር ይህን ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። የግሪኮች ጀግና አኪለስ ከኤሊ ጋር ይሽቀዳደማል፤ በሰከንድ 10 ሜትር ይሮጣል። ኤሊዋ በሰከንድ 1 ሜትር ትሄዳለች። 100 ሜትር አስቀድማ ትነሳለች። (አርስቶትል የሚለው «ዘገምተኛው» ብቻ ነው፤ ኤሊዋ የመጣችው በኋለኞቹ ሐተታ ጸሐፊዎች ነው።) አኪለስ 100 ሜትሯን በ10 ሰከንድ ሲጨርስ እሷ 10 ሜትር ሄዳለች። ያችን በ1 ሰከንድ ሲጨርስ 1 ሜትር ሄዳለች። እንዲህ እያለ አያልቅም። ሁልጊዜ የምትቀድመው ነገር አላት።

ተማሪዎቼ ወዲያው ይደምሩታል። 10 ሲደመር 1 ሲደመር 0.1 ሲደመር 0.01 እያለ 11 ከ1/9 ሰከንድ ይሆናል። 111 ከ1/9 ሜትር ላይ ይደርስባታል። ማለቂያ የሌለው ድምር ውስን ውጤት ሊኖረው እንደሚችል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቃውንቱ ኮሺና ቫየርሽትራስ በጥብቅ መሠረት ላይ አስቀምጠውታል። ክፍሉ ይረካል። እኔ ግን አልረካም። ድምሩ የት እንደሚደርስበት ይነግረኛል። ማለቂያ የሌላቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ እንዴት ጨረሳቸው ለሚለው ግን ምንም አይነግረኝም።

አርስቶትልን የማከብረው ለዚህ ነው። «ፊዚክስ» በሚባለው ሥራው 6ኛ መጽሐፍ ላይ ለዜኖ መልስ ሰጠ። ርቀቱ ማለቂያ በሌለው ሁኔታ የሚከፋፈል ከሆነ ጊዜውም እንደዚያው ይከፋፈላል አለ። 8ኛው መጽሐፍ ላይ ግን ተመለሰበት። ያ መልስ ለጠያቂው ይበቃል፣ ለነገሩ እውነት ግን አይበቃም አለ። ከዚያ፣ መንገዱን ስንከፋፍል የምናገኛቸው ግማሾች በመንገዱ ላይ ተሠርተው የተቀመጡ አይደሉም፤ ሊከፈሉ የሚችሉ ብቻ ናቸው ይላል። ሯጩ እያንዳንዱ ግማሽ ላይ ቆሞ ቢቆጥር ኖሮ እውነትም አይደርስም ነበር። ግን አይቆምም።

ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ግን ፍላጻው ነው። የተወረወረ ፍላጻ በእያንዳንዱ «አሁን» ራሱን የሚያክል ቦታ ይዟል። ያን የሚያህል ቦታ የያዘ ነገር ደግሞ ቆሟል። ስለዚህ በሁሉም «አሁን» ቆሟል። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን የተወረወረ ኳስ በስልካቸው ፎቶ እንዲያነሱ አደረግኩ። አንዱ ልጅ በጣም ጥርት አድርጎ አነሳው። ኳሱ አየር ላይ ነው። እየወጣ ይሁን እየወረደ ከፎቶው ማንም መናገር አልቻለም። ያነሳው ልጅ እንኳ ረስቶታል። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አርስቶትል ጊዜ ከ«አሁን»ዎች አልተሠራም ብሎ መለሰ። መስመር ከነጥቦች እንደማይሠራ ሁሉ። ዛሬም የቅጽበት ፍጥነት ብለን የምናሰላው ያችን ቅጽበት ብቻዋን ይዘን አይደለም። በፊቷና በኋላዋ ያሉትን ጎረቤቶቿን ጠይቀን ነው።

ነቁጥ

ፍጥነት፣ ስለ ፎቶው ያልከው ከአእምሮዬ አልወጣም። ሄራክሊተስ ፎቶ ቢታየው ምን ይል ነበር እያልኩ ነበር።

ወደ እሱ ልመልሳችሁ፤ ትርጉም ስፈልግ ሌላ ነገር አገኘሁ። «ኪኬዮን» የሚባል መጠጥ ነበራቸው። ሆሜር «ኢሊያድ» ላይ አሠራሩን ይነግረናል፦ ወይን፣ የተፈቀፈቀ የፍየል አይብ፣ የገብስ ዱቄት። ሄራክሊተስ ስለ እሱ «ኪኬዮንም ካልተማሰለ ይለያያል» ይላል። አለቀ፤ ሌላ ነገር የለውም።

«ኪኬዮን» የሚለው ስም የወጣው ማማሰል፣ መበጥበጥ ከሚለው ግሣቸው ነው። የገብስ ዱቄት ያለበት፣ ከመበጥበጥ ስም የወጣለት መጠጥ! እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ ደርሳችኋል። በሶ ብጥብጥ። እኛም እኮ «ብጥብጥ» ነው የምንለው። ስለዚህ ትርጉሙ ራሱን ሠራ፦

«ብጥብጡም ካልተበጠበጠ ይለያያል።»

ማታ አንድ ብርጭቆ በጥብጬ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ስስ ውኃ ታየ። ቆየት ሲል ዱቄቱ ከታች ወፍሮ ተኛ። መሐላቸው ላይ እንደ ክር ቀጥ ያለ መስመር ተሠራ። ላይኛው ውኃ ነው፤ ታችኛው ዱቄት ነው። ምንም የጎደለ የለም። በሶ ብጥብጥ የሚባል ነገር ግን ብርጭቆው ውስጥ አልነበረም። በማንኪያ ሳማስለው ተመለሰ።

ወንዙም ላይ ያለው ይኸው ነው። እንቅስቃሴው ነገሩን አያጠፋውም፤ ያቆመዋል። ሄራክሊተስ ዓለምን «ሁልጊዜ የሚኖር እሳት፣ በልክ የሚቀጣጠል፣ በልክ የሚጠፋ» ያለው አሁን ገባኝ። «በልክ» የሚለውን ጥቅስ ለጣፊዎች ሁሉ ይዘሉታል።

አናጢው

ልጆች፣ ደኅና ናችሁ? ሳልጽፍ ሳነብ ነው የከረምኩት። የተጠየቅ ሦስተኛዋ ጥያቄ ላይ የምለው አለኝ።

አርባ ዓመት ከእንጨት ጋር ኖሬያለሁ። የጽድ ሳንቃ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም በር አይደለም። በር ሊሆን ግን ይችላል። አሸዋ በር ሊሆን አይችልም። ይህን «ሊሆን ይችላል» የምንለውን ነገር የለም ልትሉኝ አትችሉም፤ ገበያ ሄጄ ገንዘብ የከፈልኩት ለእሱ ነው። ያ ሳንቃ በሩ ከመኖሩ በፊት ነበር። በሩ ከየትም አልመጣም፤ ከሌለ ነገርም አልመጣም። በር ካልሆነ፣ ግን ካለ ነገር መጣ። አርስቶትል ለፓርመኒደስ የሰጠው መልስ ይህ መሰለኝ። ልጁም ከመፀነሱ በፊት ሊሆን የሚችልበት ነገር ነበረው።

ስለ እንቅስቃሴ የጻፈውን ሳነብ ደግሞ እጄን ያየ መሰለኝ። እንቅስቃሴ ማለት የሚችለው ነገር፣ መቻሉ ሥራ ላይ ሳለ ነው ይላል። ምሳሌው ቤት መሥራት ነው። እኔ በበር ልንገራችሁ። ሳንቃው ተደግፎ ሲቆም ሥራ የለም። በሩ ተሰቅሎ ካለቀም ሥራ የለም። ለውጡ ያለው መሐል ላይ ነው። መላጊያው እየሄደ፣ ፍቅፋቂው እግሬ ሥር እየወደቀ፣ ሳንቃው በር የመሆን መቻሉን እየተጠቀመበት ሳለ። ያችን ሰዓት ነው ስም የሰጣት።

ተጠየቅ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። «ገንዘብ የከፈልኩት ለእሱ ነው» ያሉትን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ለሌሎቻችሁ እንዲሞላላችሁ፣ ከአርስቶትል በፊትም ለፓርመኒደስ መልስ የፈለጉ ነበሩ። የሲሲሊው ኤምፔዶክለስ መወለድ የለም የሚለውን ተቀበለ፤ ያለው አራቱ ሥሮች ሲቀላቀሉና ሲለያዩ ነው አለ። እሳት፣ አየር፣ ውኃ፣ መሬት። የሚያቀላቅላቸው ፍቅር ነው፤ የሚለያያቸው ጠብ ነው። ሌውኪጶስና ዴሞክሪጦስ ደግሞ ያንኑ የማይወለድና የማይጠፋ «ያለ» ቁጥር በሌላቸው ጥቃቅን ፍሬዎች በታትነው ባዶ ውስጥ ለቀቋቸው። አቶም ያሏቸው እነዚያን ነው። ባዶው «የሌለ» ነው፤ ግን አለ አሉ። ድፍረቱን ተመልከቱ!

ወለላ

አራቱን እኮ ከአብነት ትምህርት እናውቃቸዋለን። ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃ፣ መሬት፤ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ። ሰው ከእነሱና ከሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ነው ሲባል ያልሰማ የለም። አራቱን በአንድነት የሁሉ ሥር አድርጎ ያቆማቸው ግን ኤምፔዶክለስ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ስንት አገር፣ ስንት ቋንቋ አልፈው ደረሱ።

ማለዳ

ጋሼ አናጢው፣ እርስዎን ካገኘሁ አይቀር። የቴሴውስ መርከብ የሚሉት አለ። አቴናውያን ሠላሳ መቅዘፊያ ያለውን የአፈ ታሪክ ጀግናቸውን የቴሴውስን መርከብ ለብዙ ዘመን ጠብቀው አቆዩት። የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ይተኩ ነበር። ፕሉታርክ ሲጽፍ ፈላስፎች «ያው መርከብ ነው»፣ «አይደለም» እያሉ ይከራከሩበት ነበር ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

አናጢው

ልጄ፣ እኔ ያው ነው እላለሁ። ምክንያቴን ልንገርሽ። አሮጌ ቤት ስጠግን አዲሱን እንጨት የምለካው በአሮጌው ነው። ጎኑ ካለው ጋር እንዲገጥም ነው የምቆርጠው። ነገ ያኛው ሲበሰብስ ደግሞ በዚህኛው እለካዋለሁ። እንጨቱ ሁሉ ቢያልቅ እንኳ ልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ አልፏል። ለመርከቡም እንደዚያው ነው።

በኋላ ዘመን ሆብስ የተባለው እንግሊዛዊ ያመጣትን ግን አልመልሳትም። አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች እየሰበሰበ መልሶ ቢገጥማቸውስ? ይላል። ሁለት መርከብ ሆነ። እሷ ላይ ቆሜያለሁ።

ተጠየቅ

ማለዳ፣ ከመርከቧ የሚቀድም አለ። የሲሲሊው የቴአትር ጸሐፊ ኤፒካርሞስ ጻፈው የሚባል ነው። አንድ ባለዕዳ አበዳሪውን፣ ጠጠር ላይ ጠጠር ብትጨምር ቁጥሩ ያው ይሆናል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። አይሆንም ይለዋል አበዳሪው። ሰውም ሁልጊዜ እየጨመረና እየቀነሰ ነውና የተበደረው ሌላ ሰው ነበር፣ እኔ አይደለሁም ይላል። አበዳሪው ተናዶ ይመታዋል። ሲከሰስ እሱም «የመታህ ሌላ ሰው ነበር» ይላል። ጥያቄው የሰውን ዕዳና የሰውን ቁስል ስለሚነካ ነው በዋዛ የማላየው።

ወለላ

ነቁጥ፣ ትርጉምህን ሳልረሳ። ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ይዤው ነበር።

ግሪክኛው አንድ ምስጢር አለው። «እነዚያው» የሚለው ቃል ወንዞቹንም የሚገቡትንም ሊያመለክት ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት የሰዋስው መልክ ስለተቀመጡ። ያው ወንዝ ነው ወይስ ያው ሰው? ያንተ ትርጉም ወንዞቹን ብቻ መረጠ። ሌላም አለ፤ «ኦይሲን፣ ኦይሲን» የሚለው ድምፅ ራሱ ይፈሳል። እንዲህ ብንለውስ?

«እነዚያው የሚገቡባቸው ወንዞች፣ ሌላና ሌላ ውኃ ይፈስባቸዋል።»

«እነዚያው» ወንዞቹም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ገቢዎቹም ሊሆኑ ይችላሉ። «ይፈስባቸዋል» ላይም እንደዚያው፤ በወንዞቹ ላይ ወይ በሰዎቹ ላይ። «ባቸው፣ ባቸው» የሚለው ደግሞ ይደጋገማል።

ነቁጥ

ወለላ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ይኸው ነው። የእኔን ሰርዤ ይህንን ጽፌያለሁ።

የሚቀጥለው አጭር ነው፦ «መንገዱ ወደ ላይና ወደ ታች አንድና ያው ነው።» ለዚህም ሐሳብ ያለው ካለ እጠብቃለሁ።

ማለዳ

ልሞክር? እኔ ያደግኩት ተራራ ሥር ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ዳገት ነበር፤ ማታ ስንመለስ ቁልቁለት።

«ዳገቱም ቁልቁለቱም ያው አንድ መንገድ ነው።»